በወረርሽኝ ጊዜ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ማን ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ይንገር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ መጦሪያ ቤቶች ለሚሠሩ፣ ቤቶቹን ለሚያስተዳድሩና እናት አባታቸውን እዚያ ላኖሩ ቤተሰቦች

አንድ መጦሪያ ቤት በኮሮናም ይሁን በአተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በሩን የዘጋ ቀን ጭንቀቱ በሦስት ቦታ ይጀምራል። አረጋውያኑ ልጆቻቸው ለምን እንደቀሩ አይገባቸውም። ልጆቹ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ። ሠራተኞቹ ደግሞ በሽተኛ ማንሣት ሳያንሳቸው ስልክ ማንሣት ይጨመርባቸዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ከተገኘ በኋላ በየቤቱ የታየው ይኸው ነው። ኮሌራ፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣም መልኩ ብዙ አይለይም።

ለአንድ እናት አራት ልጆች ይደውላሉ። ለሁሉም መልስ መስጠት አለብን?

የለባችሁም፤ ብትሞክሩም አትችሉም። 40 አረጋውያን ያሉበት ቤት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 5 ደቂቃ ብቻ ቢመድብ 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ልጅ ለየብቻው ከደወለ 13 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ተጠሪና አንድ ምትክ ይመዘገባል። ቤቱ ለተጠሪው ይነግራል፤ ተጠሪው አዲስ አበባ ላለውም፣ ውጭ አገር ላለውም ያደርሳል። ተጠሪው ታላቅ ልጅ መሆን የለበትም። ስልኩ የሚሠራ፣ ቶሎ የማይደነግጥ፣ ከወንድም እህቶቹም ጋር የሚነጋገር ሰው ይሻላል። ቤተሰቡ ራሱ ይምረጥ፤ ምርጫውም በሰላሙ ጊዜ ይደረግ። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ከሆነ ክርክር ይነሣል።

በዚያው ጊዜ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የግንኙነት ገጽ ይሞላ። ስምና ስልክ ብቻ አይበቃም። የሚጠሩበት ስም፣ የክርስትና ስም (ካህኑ ለጸሎትም ለፍትሐትም የሚጠይቁት እሱን ነው)፣ የንስሐ አባት ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ ስልክ፣ የዕድር ስም፣ የሚሰማው ጆሮ የቀኙ ወይስ የግራው፣ መነጽር ያደርጋሉ ወይ፣ ማንበብ ይችላሉ ወይ፣ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው ወይስ በአገውኛ፣ ክፉ ዜና ቢመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለማን ነው፤ እነዚህ ሁሉ ይጻፉ። የመጨረሻው ጥያቄ ሲጠየቅ ያስከፋል ተብሎ ይዘለላል። አትዝለሉት፤ ምክንያቱ ስለ መርዶ በተነሣው ጥያቄ ላይ ይገኛል።

በየስንት ጊዜው እንደውል? አዲስ ነገር ከሌለስ?

ለታመሙት በየቀኑ፣ ላልታመሙት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ። ከ40ው 13 ወይም 14 ቤተሰብ በቀን ይደርሳል፤ ይህ በአንድ ሰው አቅም ያልቃል። ሰዓቱ ይወሰን፤ ለምሳሌ ከቀኑ 10 እስከ 11 ተኩል። «ስንችል እንደውላለን» የተባለ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያይ ይውላል፤ ትንሽ ቆይቶም ራሱ ይደውላል፤ ከዚያም በር ላይ ይመጣል።

አዲስ ነገር የሌለበት ጥሪ አይቀርም። «እንደ ትናንትናው ናቸው፤ ምሳ በልተዋል፤ ሙቀታቸው በጠዋትም በማታም ተለክቷል፤ ትኩሳት የላቸውም» የሚለው ለቤተሰብ ትልቅ ዜና ነው። የሚደውለው ሰው ያወቀውን ይናገር፤ ያላወቀውን «ይህን ገና አላወቅንም፤ ነገ ከምርመራው በኋላ እነግርዎታለሁ» ይበል፤ ቀጣዩን ሰዓትም ይንገር። «ምንም አይሆኑም፣ አይዞዎት» ብሎ መዝጋት ደግነት ይመስላል፤ በማግሥቱ ሁኔታው ከተለወጠ ግን ከዚያ በኋላ የምትናገሩትን የሚያምን አይኖርም።

የቴሌግራም ቡድን ብንከፍት አይቀልም?

ቻናል ክፈቱ፤ ቡድን አትክፈቱ። በቡድን ሁሉም ስለሚጽፍ አንድ ሰው «አንድ ሰው ሞቷል ይባላል» ካለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ቤተሰብ ይደነግጣል። በቻናል የሚጽፈው ቤቱ ብቻ ነው። እዚያ የሚለጠፈው ለሁሉም የሚሆን መረጃ ነው፦ የጉብኝት ሁኔታ፣ የሚቀበሉት ዕቃ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንደታመመ። የማንም ስም፣ የአልጋ ቁጥር፣ የምርመራ ውጤት ወይም ፎቶ አይወጣም። የአንድ ሰው ነገር ለተጠሪው በስልክ ይነገራል።

ወሬ ከተነሣ ግን በዚያው ቀን መልስ ይሰጠው። ወሬውን ራሱን አትድገሙት፤ እውነቱን ብቻ በአጭሩ ጻፉ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲጠፋስ?

በዚህ ክልል ይህ የሚገጥም ነገር ስለሆነ ዋናው ዕቅድ በስልክ ጥሪና በአጭር መልእክት ላይ ይቁም፤ ቴሌግራም ተጨማሪ ይሁን። ሁለት ሲም ያዙ፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም። ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ አንድ ይኑር፤ ባትሪው ቀናት ይቆያል። የተጠሪዎች ስም ዝርዝር በስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን ሁሉም ይጠፋል፤ በወረቀት ሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በቢሮ፣ ሌላው በተረኛ ነርስ ክፍል ይቀመጥ።

ስለ አጭር መልእክት ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይቆራረጣል፤ በየክፍሉ የሚቀረው ቦታ 67 ይሆናል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ሳይደርስ ይቀራል። «አባትዎ ሆስፒታል ገብተው ነበር…» የሚለው ደርሶ «…አሁን ተመልሰዋል» የሚለው ሲቀር ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ ከ70 በታች ይጻፍ፦ «እናትዎ ዛሬ ትኩሳት የላቸውም፤ ምሳ በልተዋል። ነገ በ11 ሰዓት እንደውላለን።» ይህ ከነክፍተቱ 49 ነው።

ስልክ የሌላቸው ዘመዶች ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ይመጣሉ። በር ላይ እንመልሳቸው?

መመለሱ ባይቀርም፣ ከመነሣታቸው በፊት ቢሰሙ ይሻላል። በቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል፣ በደብራቸው ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ ጠዋት ጠዋት በሚመላለሱት ባለ ጀልባዎች በኩል መልእክት ይላክ። የቅዳሜ ገበያን አስታከው የሚመጡም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ መልእክቱ እስከ ሐሙስ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ሳይሰማ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጥበቃው ነው። የቤቱ አፍ ጥበቃው መሆኑ ይዘነጋል። ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀውን ጥበቃው ካላወቀ የራሱን ግምት ይናገራል። ሦስት ዓረፍተ ነገር በካርቶን ላይ ይጻፍለት፦ ለምን እንደተዘጋ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ አሁን ማን እንደሚያነጋግራቸው። ለእንግዳው ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና የሚጠጣ ውሃ ይቅረብ፤ ከውስጥም አንድ ሰው ይውጣ። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ከሆነና አረጋዊቷ ካልታመሙ፣ ግቢ ውስጥ አየሩ በሚናፈስበት ጥላ ሥር ሁለቱም ማስክ አድርገው በ2 ሜትር ርቀት ለሩብ ሰዓት ያህል መተያየት ይቻላል። የመጣው ምግብ ከሆነና በሽታው አተት ከሆነ ምግቡ አይገባም፤ ምክንያቱ ግን በአክብሮት ይነገር። ከእናት ጓዳ የመጣን ድርቆሽ ያለ ምክንያት መመለስ ቂም ነው።

አረጋውያኑን እንዴት እንንገራቸው? ማስክ አድርገን ስንናገር አይሰሙንም።

ከቤተሰብ በፊት እነሱ ይስሙ። ቤታቸው ነው።

ማስክ ሁለት ነገር ይወስዳል፤ ድምፅን ያፍናል፣ ከንፈርንም ይሸፍናል። ጆሮው የደከመ ሰው ሳያውቀው ከንፈር እያየ ነው የሚሰማው። መፍትሔው ጩኸት ሊመስል ይችላል፤ ጩኸት ግን ድምፅን ያቀጥነዋል፤ በዕድሜ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቀጭን ድምፅን መስማት ነው። ድምፃችሁን ወፈር፣ ዝግ አድርጉት። ሬዲዮ ካለ ይዘጋ። መስኮቱ ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ጥላ ይሆናል፤ ዙሩና ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይረፍ። ቁጭ ብላችሁ ከዓይናቸው እኩል ሁኑ። መጀመሪያ በሚጠሩበት ስም ጥሩና ዓይናቸው እስኪመጣ ጠብቁ፤ «አባባ» ብሎ ወዲያው ወደ ነገሩ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በከንቱ ነው ያወጣው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

አጠራሩ ራሱ መልእክት ነው። የጎጃም ሽማግሌ «አንቱ» ተብሎ የኖረ ነው፤ «እርስዎ» ማለትም ያስከብራል። መከላከያ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ «አንተ» ብሎ የሚያዝ ሰው ግን ያስፈራል። በልብሱ ደረት ላይ ስማችሁን በትልቁ ጻፉ።

«ለይቶ ማቆያ» የሚለው ቃል ለብዙዎቹ እስር ቤት ነው የሚመስለው። «ለሌሎቹ እንዳይተርፍ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ እዚሁ ክፍልዎ ይቆዩ፤ ምግብዎን እኔ አመጣለሁ» ማለት ይቻላል። ቀኑን በቁጥር ከመንገር በወር በዓል መንገር ይሻላል። በ13 ተጀምሮ 10 ቀን የሚቆይ ከሆነ የሚያበቃው በጊዮርጊስ ነው፤ በ17 ከተጀመረ በመድኃኔ ዓለም ነው። ሽማግሌው ቀኑን የሚቆጥረው በዚህ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃም ራሱ ይከታተላል። ለሙስሊም አረጋውያን ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ይቆጠር።

መግባቱን ለማወቅ «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። «ማታ ልጅዎ ሲደውል ለምን ክፍልዎ እንዳሉ ምን ይሉታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የቀረውን ያሳያል።

የማንበብ ልማድ ላላቸው፣ በተለይ ዳዊት ለሚደግሙት፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አልጋቸው አጠገብ ይለጠፍ። ጥቁር ቀለም በነጭ ላይ ይሁን፤ ፊደሉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን፤ በአንድ ወረቀት ከአራት መስመር አይብለጥ።

የመርሳት ችግር ያለባቸውስ? በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቃሉ።

አሥር ጊዜ ይመለስላቸው፤ መልሱ ግን አንድ ይሁን። አንዷ ነርስ «ልጅዎ ነገ ትመጣለች»፣ ሌላዋ «በሽታ ስላለ አትመጣም»፣ የጽዳቷ ሠራተኛ ደግሞ «አላውቅም» ካለች ግራ መጋባቱ ይብሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምታችሁ ጻፉና ሁሉም ያንኑ ይበል፦ «ወይዘሮ፣ ልጅዎ ደኅና ናት፤ ማታ ትደውላለች።» ከዚያ የልጅቱን ፎቶ ማሳየት ወይም ቡና ሲቆላ ወደሚሸትበት አካባቢ ማምጣት ይረዳል። አብሯቸው ያደረ ሰው ከሞተና «የት ሄደ?» ካሉ መጀመሪያ ጊዜ እውነቱ በለሆሳስ ይነገራቸው። ረስተው ደግመው ሲጠይቁ ግን በየቀኑ መርዶ ማርዳት ጭካኔ ነው፤ «ናፈቁዎት? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ስለሰውየው ማጫወት ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትናንት ደኅና ሲያወሩ የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ከተምታቱ፣ ከወደቁ ወይም ምግብ እምቢ ካሉ፣ «እርጅና ነው» አይባል። በአረጋውያን ላይ በሽታ ያለ ትኩሳት በዚህ መልክ ሊገባ ይችላል። ዕለቱኑ ለነርስ ይነገር፤ ይመዝገብም። ትኩሳት ሲኖርም በጣና ዙሪያ ወባ መኖሩን አትርሱ፤ የደም ምርመራው ይደረግ።

አተት ይዟቸው «ጾም ነው» ብለው ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እምቢ ይላሉ። ማን ያሳምናቸው?

ነርሷ ደጋግማ ከምትነግራቸው የንስሐ አባታቸው አንድ ጊዜ ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ስልክ ተደውሎ ድምፃቸው ይሰማላቸው፦ «ልጄ፣ ፈቅጄልሃለሁ፤ ጠጣ።» ይህ በሰዓታት ውስጥ መሆን አለበት፤ አተት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም። ለዚህ ነው የንስሐ አባት ስልክ በመዝገቡ ላይ የሚያስፈልገው። በረመዳን ደግሞ ኢማሙ ተመሳሳይ ነገር ይነግሯቸዋል። ጠበል አትከልክሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ዕቃና ኩባያ ይኑረው፤ የሚጠጣውን ውሃ እንዴት ንጹሕ ማድረግ እንደሚቻል ከካህኑ ጋር ተነጋገሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ መነሣቱ ብዙ ካህናት የሚያውቁት ስለሆነ ንግግሩ አስቸጋሪ አይሆንም።

የኦ.አር.ኤስ.ና የበረኪና ጠርሙሶች ነገር ለምን በግንኙነት ውስጥ ገባ?

ጠርሙስ ላይ ያልተጻፈ ነገር ስለሚገድል ነው። ኦ.አር.ኤስ. አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በብዛት የሚሠራው ስሕተት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መበጥበጥ ነው፤ ጨው ይበዛበታል፣ ለአረጋዊ ደግሞ አደገኛ ነው። ጠርሙሱ ላይ «1 ሊትር» ተብሎ መስመር ይሰመርና የተበጠበጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ለወለልና ለዕቃ ነው። ከዚያው 1 እጅ ተወስዶ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.05 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ለእጅ ነው። ሁለቱም በየቀኑ ይታደሳሉ። አንዱ ላይ የእጅ፣ ሌላው ላይ የመጥረጊያ ሥዕል ይሣል፤ ማንበብ የማይችልም ይለየዋል። በረኪና በምንም ምክንያት በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ለጤና ጣቢያ መቼና ምን ብለን እንንገር?

ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ። ኮሌራን የመሰለ በሽታ በአገራችን የቅኝት ሥርዓት ወዲያውኑ ከሚነገሩት ውስጥ ስለሆነ፣ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ ለማድረስ የተሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሰው እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ ካስቀመጠው «እስከ ነገ እንየው» አይባልም። ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የቤቱ ቦታ ከነክፍለ ከተማውና ቀበሌው፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት እንደታመመ፣ የመጀመሪያው በስንት ሰዓት እንደጀመረው፣ ምልክቱ፣ መነሣት ያቃተው ስንት እንደሆነ፣ እስካሁን ያደረጋችሁት። የተቀበላችሁን ባለሙያ ስምና ሰዓቱን መዝግቡ። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሰው ሲላክ የግንኙነት ገጹ ቅጂ አብሮ ይሂድ፤ መነጽራቸውም፣ ጥርሳቸውም እንዲሁ።

በፈረቃ ርክክብ ላይ የሚጠፋው ምንድን ነው?

በአብዛኛው ሰዓት ነው። ከሆስፒታል የመጣ ወረቀት «8፡00» ቢል በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ያ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ተረኛዋ 8 ሰዓት ብላ ካነበበችው መድኃኒቱ 6 ሰዓት ይዘገያል። ወረቀቱ እንደደረሰ በእኛ ሰዓት ተገልብጦ «ጠዋት 2» ተብሎ ይጻፍ። ቀጠሮም በቁጥር ብቻ አይጻፍ፤ 12/5 ጥር 12 ይሁን ሌላ ማንም አይለየውም። የወሩ ስም ይጻፍ።

በስልክ የታዘዘ መድኃኒት ተጽፎ ለአዛዡ ተመልሶ ይነበብ። ርክክቡ አልጋ አጠገብ ይሁን፤ ወጥ ቤቷና የጽዳት ሠራተኛዋም ስለ ዛሬ ለውጥ ይስሙ።

ሰው ሲሞት መርዶው እንዴት ይሁን? በስልክ ማርዳት ነውር ነው።

ነው። ባህላችን መርዶን ሰው ሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። ወረርሽኝ ግን ቀብርን አያቆይም። መንገዱ ሁለት ጊዜ መንገር ነው። ከሞቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በገጹ ላይ አስቀድሞ ለተጻፈው መርዶ ተቀባይ ይደወላል፤ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤት ወይም የዕድሩ ዳኛ ሊሆን ይችላል። ለእሱ በግልጽ «አርፈዋል» ይባላል። «ሁኔታው ከብዷል» ማለት ተስፋ ይሰጥና ሰውየው ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። እሱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ያረዳል።

በመሐል ልጃቸው ቢደውልስ? ስልክ ያነሣው ሰው አይዋሽ። «ኃላፊዋ ራሷ ታነጋግርዎታለች። አሁን ከማን ጋር ነዎት?» ይበል፤ ኃላፊዋም ወዲያው መርዶ ተቀባዩን ታፋጥን። ልጁ በቀጥታ «ሞተች ወይ?» ብሎ ከጠየቀ እውነቱ ይነገረዋል፤ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ አጠገቡም ሰው ይጠራ።

መርዶ ተቀባዩ ቤተሰቡን ከመሰብሰቡ በፊት አስከሬኑን ማን እንደሚያጥብ፣ ሣጥኑ ይከፈት እንደሆነ፣ ስንት ሰው ቀብር ላይ እንደሚቆም ከጤና ባለሙያው ተጠይቆ ይነገረው። ፍትሐቱ ወይም የጀናዛ ሶላቱ በምን መልክ እንደሚሆን ካህኑ ወይም ኢማሙ ራሳቸው ይናገሩ። ይህን ቤተሰቡ በመቃብር በር ላይ ከሰማው ሐዘኑ ወደ ጠብ ይለወጣል።

በሰልስቱ ደግሞ ቤቱ ይደውል። ያኔ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ «ማን ነበር አጠገባቸው? ውሃ አጠጥቷቸዋል? ምን አሉ?» ያደረው ሠራተኛ በዚያው ሌሊት በመዝገቡ ላይ ካልጻፈው መልስ የለም። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ በማንኪያ ወሰዱ፤ የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ እጃቸውን ይዤ ነበር።» ሁለት መስመር ይበቃል።

ዘመድ የሌላቸውስ? ለማን ነው የምንነግረው?

በብዙ መጦሪያ ቤት ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የተጠሪ ቦታቸው ግን ባዶ አይተው። እሳቸው ራሳቸው ይጠየቁ፦ «ቢያምዎት ማን ይስማ?» አንዳንዱ ከጎን አልጋ ያለውን ጓደኛውን ይጠራል፤ አንዳንዷ ድሮ ጠላ ስትሸጥ የምታውቃትን የሽምብጥ ጎረቤቷን። የተጠራው ሰው ይፈለግና ስልኩ ይጻፍ። ማንንም ካልጠሩ ከሠራተኞች አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ እሱ በየቀኑ በ11 ሰዓት አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ ቤቱ ሁኔታ ይንገራቸው፤ ለሌሎቹ ስልክ በሚደወልበት በዚያው ሰዓት።